ማታ የሚነቃው የታጁራ ባሕር

ለአዲስ አበባ ሰው “ውኃ ዳር እንውጣ” ሲባል ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ማለት ነው። እጁ ፈታ ያለለት ዛንዚባርን ወይም ሞምባሳን ያስባል። ጅቡቲን ለመዝናኛ የሚያነሳት ግን እምብዛም አይገኝም። ጅቡቲ ለእኛ ወደብ ናት፤ ኮንቴይነር፣ ተሳቢ መኪና፣ ትራንዚተር፣ ሙቀት። እኔ በምሠራበት ድርጅት ስሟ የሚነሳው ዕቃ ሲዘገይ ብቻ ነው። ከቦሌ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ በረራ የምትደረሰው ይህች አገር ግን ከወደቡ ጀርባ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አላት። እሱም ቀን አንድ መልክ፣ ማታ ሌላ መልክ አለው። ይህ ጽሑፍ ስለ ማታው ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ እኔና ባለቤቴ በዚያ ባሕር ላይ በጀልባ ሦስት ሌሊት አደርን። ሁለት ጊዜ በጨለማ ወደ ታች ወረድን። ከሁለቱ አንዱ የቆየው 9 ደቂቃ ብቻ ነበር።

ስኩባን ለማያውቅ በአጭሩ፦ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ፣ በአፍ በሚያዝ መተንፈሻ እየተነፈሱ ውኃ ውስጥ መቆየት ነው። የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ እስከ 30 ሜትር ለመውረድ ያስችላል። የማታ ጠለቃ በሁለተኛው ደረጃ ከሚመረጡት ትምህርቶች አንዱ ነው። እኛ አንደኛውን ዛንዚባር፣ ሁለተኛውን ሞምባሳ ተማርን። ልጆች ከ10 ዓመታቸው ጀምሮ የመጀመሪያውን ደረጃ መማር ይችላሉ፤ ለማታው ግን በፓዲ ደንብ 12 ዓመት መሙላት አለባቸው። የእኛዋ ገና 6 ዓመቷ ስለሆነ እናቴ ዘንድ ቀረች። ቅሬታዋን በስልክ አልደበቀችም።

ታጁራ የተሰነጠቀ ምድር ነው። በዝዋይና በላንጋኖ በኩል የሚያልፈው የእኛው ስምጥ ሸለቆ አፋር ላይ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቆች ጋር ይገናኛል፤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤም የዚያ ታሪክ ክፍል ነው። ጥቁር ድንጋይ ከተራራው ቀጥ ብሎ ወርዶ ውኃው ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በአሰል ሐይቅና በባሕሩ መካከል ፈንድቷል። የአሰል ሐይቅ ራሱ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው በስተምዕራብ ጫፍ ጉቤት የሚባል ጓዳ መሰል ውኃ አለ። የሚገባበት በር ጠባብ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ያ ሁሉ ውኃ በዚያች በር ይገባል፣ ሲጎድል በዚያችው ይወጣል። ስለዚህ በሩ ላይ ባሕር እንደ ወንዝ ይፈስሳል። የአካባቢው ሰው ጉቤትን የጂኖች ቤት እያለ ብዙ ያወራበታል፤ ፍሰቱን ላየ ወሬው ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና ፈጽማ በምትጠፋበት ሰሞን ደግሞ የሙላትና የጉድለቱ ልዩነት ስለሚሰፋ ፍሰቱ ይበረታል። እኛ የሄድነው ጨረቃ በጠፋችበት ሳምንት ነበር።

በዚያ ላይ ነፋሱ አለ። እኛ ጋ ክረምት በሆነበት ወቅት ኻምሲን የሚሉት ትኩስና አቧራማ ነፋስ አገሩን ያቃጥለዋል፤ ያኔ ባይሄዱ ይሻላል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣና ማዕበሉን ወደ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ይገፋል። ታዲያ በዚያ ወቅት ለምን ይኬዳል? ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውኃው ፕላንክተን በሚባሉ ደቃቅ ነፍሳት ይሞላል፤ እነሱን ለመመገብ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ አርታ ባሕር ዳርቻ ድረስ ይመጣል። ዓሣው ሰው አይነካም፣ አፉን ከፍቶ ውኃ እያጠለለ ይሄዳል። ፕላንክተኑ ግን ዓሣውን እንደሚስበው ሁሉ ውኃውን ያደፈርሰዋል። ሥራዬ ማስታወቂያ ስለሆነ የብሮሹር ፎቶዎችን አመል አውቃለሁ። ሁልጊዜ ውኃው እንደ መስታወት፣ ጀልባዋ እንደ ሥዕል ናት። በታኅሣሥ የታጁራ ውኃ አጥሚት ሊመስል ይችላል፤ ጀልባዋም እራት የያዘ ሳህን ከእጅ ታስጥላለች።

ካፒቴኑ በዕድሜ ጠና ያሉ የአፋር ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ማታ በጉቤት በር አካባቢ እንድንጠልቅ ታስቦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ውኃውን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩና በፈረንሳይኛ አንድ ቃል ተናግረው ጀልባዋን አዞሯት። ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተሻግረን፣ አንድ የድንጋይ አፍንጫ ነፋሱን የሚከልልበት ቦታ መልሕቅ ጣልን። ከስምንታችን መካከል ያጉረመረመ ነበር፤ ካፒቴኑ አልሰሙትም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

የማታ ጠለቃ ዝግጅት ከሠርግ ዝግጅት አይተናነስም። እያንዳንዱ ሰው ሁለት የእጅ ባትሪ ይይዛል፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው ዋናው ቢጠፋ መተኪያ። ሦስተኛ ትንሽ መብራት ሲሊንደሩ ላይ ትታሰራለች፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያይሽ ነው። ከጀልባዋ በታችም ትልቅ መብራት ወደ ውኃው ይንጠለጠላል፤ ያ ቤትሽ ነው። ማታ ፊት ስለማይታይ ንግግሩ በብርሃን ነው። በባትሪ ክብ መሥራት “ደህና ነኝ” ማለት ሲሆን፣ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ማወዛወዝ “እዩኝ፣ ችግር አለ” ነው። የእጅ ምልክት ማሳየት ከፈለጉ ባትሪውን በገዛ እጅ ላይ ያበራሉ። ሰው ዓይን ላይ ማብራት ነውር ነው፤ ለደቂቃዎች ያሳውራል።

መሪያችን ይህን ሁሉ ካስረዳ በኋላ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አቀና። ይህ ምልክት ከውኃ በላይ “ጎበዝ” ነው፣ ከውኃ በታች ግን “እንውጣ” ማለት ነው። ማንም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ምክንያት ይህን ምልክት ካሳየ ጥማዱ አብሮት ይወጣል። ምክንያት አይጠየቅም፣ ወጥተውም አይወቀስም። ይህንን ሦስት ጊዜ ደገመው። ሌሎቹ ፈረንጆች ነበሩና ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው አለፉት። እኔና ባለቤቴ ግን ተያየን፤ እኛን ያሳደገን ይሉኝታ ነዋ። እንግዳ ቤት ጠግበን የምንበላ፣ ታመን “ደህና ነኝ” የምንል፣ ስብሰባ ላይ ያልገባንን “ገብቶናል” የምንል ሰዎች ነን። ለእንዲህ ያለ ሰው በጨለማ፣ ስምንት ሰው ከፍሎ በመጣበት ጉዞ ላይ “እኔ በቃኝ” ማለት ከወጀቡ ይከብዳል።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ገባን። ነፋሱ ቢከለልም ማዕበሉ የድንጋዩን አፍንጫ ዞሮ ይደርስብን ነበር። ከጀልባዋ ጀርባ ቆሞ፣ ወለሉ ከፍ ዝቅ ሲል ጊዜውን ጠብቆ አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ጥቁሩ ውኃ መራመድ ነው። ከዚያ ሳይዘናጉ የመልሕቁን ገመድ መያዝ፤ ፍሰቱ የለቀቀውን ሰው ጠብቆ አያቆይም። ገመዱን ይዘን እጅ በእጅ ወረድን። የሚታየው የባትሪው ብርሃን የደረሰበት ብቻ ነው፤ በብርሃኑ ውስጥ ደግሞ ፕላንክተኑ እንደ በረዶ ይዘንባል። ሌላው ሁሉ የራስ ትንፋሽ ድምፅ ነው።

6 ሜትር ላይ የባለቤቴ ባትሪ በራሱ እጅ ላይ በራ። መዳፉን አወዛወዘ፣ ከዚያ ወደ ጆሮው ጠቆመ። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የውኃው ግፊት ስለሚጨምር አፍንጫን ይዞ በቀስታ እየነፉ የጆሮን ግፊት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ጉንፋን የነካው ሰው ላይ አንዳንዴ እምቢ ይላል። አንድ ሜትር ከፍ አልን፣ ሞከረ። እንደገና ወረድን፣ እንደገና ጠቆመ። ከታች የሌሎቹ መብራቶች አለቱ ላይ ተበትነው ይታዩኛል። ሁለተኛ ሙከራ ካደረገ በኋላ አውራ ጣቱን አቀና። እኔም አቀናሁ። ለመሪያችን ብርሃን አወዛወዝን፣ አየን፣ ክብ ሠራልን፣ ቀስ ብለን ወጣን።

ከሁሉ የከበደው መሰላሉ ነው። ጀልባዋ ስትነሳ መሰላሉ አብሮ ይነሳል፣ ስትወርድ እንደ መዶሻ ይወርዳል። ከሥሩ መሆን አይገባም። ገመድ ይዞ ጎን ላይ መጠበቅ፣ የእግር መቅዘፊያውን አውልቆ ማቀበል፣ ከዚያ ጀልባዋ ዝቅ ስትል መሰላሉን ጨብጦ ስትነሳ አብሮ መነሳት ነው። ከላይ አንድ እጅ ሲሊንደሬን ጨብጦ ሳበኝና “እንኳን በደህና ወጣሽ፣ እታለም” አለኝ፣ በወሎ አማርኛ።

ቀን ቀን መልሕቅ የሚጎትተው፣ ሲሊንደር የሚሞላው ይህ ወጣት ያገሬ ልጅ መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም፤ ከሠራተኞቹ ጋር የሚያወራው በሶማልኛ ነበር። ሻይ በቅርንፉድ አመጣልን። ባለቤቴ ጆሮውን ይዞ “ሰው ፊት አሳፈርኳችሁ” ሲል ልጁ ሳቀ። ከሦስት ዓመት በፊት በእግሩ በጋላፊ በኩል ወደ ኦቦክ መጥቶ፣ ለደላላ ከፍሎ፣ ወደ የመን ለመሻገር በሌሊት ባሕር ዳር ቆሞ ነበር። የምትጭናቸው ጀልባ አፏ ድረስ ሰው ሞልታ አያት። ማዕበል ነበር። “አልገባም” አለ። ደላላው ገንዘቡን አልመለሰለትም፣ አብረውት የመጡት የሰፈሩ ልጆች ፈሪ አሉት። እሱ ቀረ፣ እነሱ ሄዱ። “ደረሱ?” አልኩት። ሻዩን እየቀዳ “ሁለቱ ደውለዋል” አለኝ።

ከተቀመጥንበት ሆኖ ወደ ምሥራቅ፣ በጨለማው ውስጥ፣ የኦቦክ ዳርቻ ነው። በዚያ ዳርቻ ስንት የእኛ ልጆች ባሕሩ መልሶ እንደተፋቸው ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በአንድ ወር ውስጥ ብቻ ሁለት ጀልባዎች ሰው ጭነው ተገልብጠዋል። እኛ ለመዝናናት ሦስት ሦስት መብራት ይዘን የምንገባበት ውኃ ነው። ያን ምሽት ሌሎቹ በደስታ እየጮሁ ሲወጡ እኛ ዝም ብለን ነበር።

ማግሥቱን ባለቤቴ አረፈ፣ በሦስተኛው ቀን ጆሮው ተከፈተ፣ ነፋሱም ከሰዓት በኋላ ላላ። ማታ እዚያው አለት ላይ ተመለስን።

ብዙ ሰው ማታ ባሕር ውስጥ ምን ይታያል ይለኛል። መልሱ፦ ከቀን ይልቅ ቀለም ይታያል። የፀሐይ ብርሃን ወደ ውኃ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ስለዚህ ቀን ላይ በጥቂት ሜትሮች ጥልቀት ሁሉም ነገር ሰማያዊና ግራጫ ይመስላል። ማታ ግን ብርሃኑን ራስዎ ይዘው፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ስለሚያበሩ ቀዩ ቀይ ሆኖ፣ ብርቱካናማውም ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ቀን ድንጋይ የሚመስለው ኮራል ማታ ጥቃቅን ክንዶቹን ዘርግቶ ምግብ ያጠምዳል፤ አለቱ በሙሉ አበባ ያወጣ ነው የሚመስለው።

እንደ በቀቀን ምንቃር ያለው ዓሣ አለት ሥር ተኝቶ አገኘነው። ከአፉ ባወጣው ዝልግልግ ነገር ዙሪያውን እንደ አጎበር ሸፍኖ ነው የሚተኛው፤ ከጥገኛ ተባዮች እንደሚከላከልለት ባለሙያዎች ይናገራሉ። ስፓኒሽ ዳንሰር የሚሏት ቀይ፣ አጥንት የሌላት እንስሳ ከአለቱ ተነሥታ ጎኖቿን እያርገበገበች ዋኘች። ስሙን ያወጣው ሰው ወሎ ወይም ጎንደር ሄዶ ቢሆን ኖሮ እስክስታ ይላት ነበር። መርዛማ እሾህ ያለው አንበሳ ዓሣ ደግሞ ብርሃናችንን ተከትሎ ይመጣል፤ ባትሪው ያደነዘዘውን ትንሽ ዓሣ አፈፍ አድርጎ ይውጣል። ስለዚህ መሪያችን ትንንሾቹ ላይ ብርሃን አታቆዩ ይል ነበር። እኔ አንዱ ላይ ጥቂት ማቆየት አምሮኝ ነበር፤ ባለቤቴ ቀድሞ ባትሪዬን ወደ ጎን ገፋው።

ከዚያ መሪያችን አሸዋ ላይ አንበረከከንና ባትሪዎቻችንን ደረታችን ላይ እንድንደፍን አመለከተ። ጨለመ። እጄን ሳወዛውዝ ከጣቶቼ መካከል ሰማያዊ ፍንጣሪ ተረጨ። ያ ቀን ቀን ውኃውን የሚያደፈርሰው፣ ያማረርንበት ፕላንክተን ነው፤ ሲነኩት ያበራል። ስምንት ሰው በጨለማ እጁን እንደ ሕፃን ሲያወዛውዝ ደቂቃዎች አለፉ።

ጉዞውን የጀመርነው ፍሰቱን ፊት ለፊት ይዘን ነበር፤ ደንቡ ነው፣ ሲደክም መመለሻው በነፃ እንዲሆን። ከ200 ባር የጀመረው አየሬ 110 ሲደርስ ተመለስን፣ ውኃውም ወደ መልሕቁ ገፋን። 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ገመዱን ይዞ መቆም ለደህንነት አጥብቆ ይመከራል። ፍሰቱ በርትቶ ስለነበር ስምንታችንም እንደ ባንዲራ አግድም ተዘርግተን ቆየን። በ41ኛው ደቂቃ ወጣን። ውኃው 26 ዲግሪ ያህል ቢሆንም ጀልባዋ ላይ ነፋሱ ሲያገኘን ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ፤ የሱፍ ኮፍያ ወደ ጅቡቲ ይዞ መሄድ የሚያስቅ ቢመስልም ይያዙ።

አሁን ለእኛ ለደገኞች ልዩ የሆነው ጉዳይ። በጥልቀት ስንተነፍስ ናይትሮጅን ወደ ሰውነታችን ይገባል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስን አስቡ፤ ቆርኪው በቀስታ ከተከፈተ ጸጥ ይላል፣ በድንገት ከተከፈተ ይገነፍላል። ሰውም ከጥልቅ በፍጥነት ከወጣ፣ ወይም ከጠለቀ በኋላ ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣ፣ ናይትሮጅኑ በደሙና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። ዳን የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር እንዲቆይ ይመክራል። የእኛ መሪ 24 ሰዓት ነው የሚለው።

ሞምባሳ የሚኖር ሰው ይህ የሚመለከተው ሲበር ብቻ ነው። እኛስ? የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመጣጠናል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቤታችን ራሱ አውሮፕላን ውስጥ እንደመቀመጥ ነው ማለት ነው። “በመኪና ወይም በባቡር እመለሳለሁ” ያለ ሰው አላመለጠም፤ ድሬዳዋ ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥቷል፣ ገና ይወጣል። ስለዚህ የመልሱን ትኬት ስትቆርጡ የመጨረሻውን ቀን ባዶ ተዉት። ከመክፈላችሁ በፊትም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ጀልባዋ ላይ ኦክስጅን አለ ወይ (አሳዩኝ በሉ)፣ አደጋ ቢደርስ ቅርቡ የግፊት ሕክምና ክፍል የት ነው፣ ኢንሹራንሱስ ጠለቃን ይሸፍናል ወይ? ሲጠየቅ የሚቆጣ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

እኛ ያን ባዶ ቀን በከተማው አሳለፍን። አማርኛ በየመንገዱ ይሰማል፣ እንጀራም አይጠፋም። ነገር ግን ለሁለት ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ የሚጠበሰውን የየመን ዓሣ በትልቁ ቂጣ ሳይበሉ መመለስ አይገባም። በቀድሞ ስሙ ምኒልክ አደባባይ በሚባለው ስፍራ ቁጭ ብለን ባለቤቴ በየግማሽ ሰዓቱ ሰዓቱን ያይ ነበር። 19 ሰዓት ሞላ፣ 20 ሞላ። ልጃችን ደወለች፤ ፎቶው ደርሷት ነበር።

“ማሚ፣ ዓሣው ተኝቶ ነበር?”

“አዎ።”

“ባትሪውን ዓይኑ ላይ አብርተሽ ቀሰቀስሽው?”

አልቀሰቀስኩትም አልኳት። ዘወር ብላ ለአያቷ “አልቀሰቀሰችውም” ስትል ተሰማኝ፣ ስልኩንም ዘጋችው። ለበረራችን ገና ስድስት ሰዓት ይቀረው ነበር፤ ሌላ ዓሣ አዘዝን።